የሽያጭ መዝገብ ዋስትና ሲሆን፦ የካርድ ክፍያና የብድር አማራጮች ለአነስተኛ ንግድ

አነስተኛ ንግድ የሚያካሂድ ሰው ሁለት ጥያቄዎች ከፊቱ አይጠፉም። አንደኛው ደንበኛው የሚከፍለውን ገንዘብ በምን መንገድ ልቀበል የሚለው ነው። ሁለተኛው ዕቃ ለመጨመር፣ ማሽን ለመግዛት ወይም ሱቁን ለማስፋት የሚሆን ገንዘብ ከየት ላግኝ የሚለው ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን የቴክኖሎጂ፣ ሁለተኛውን የባንክ ጉዳይ አድርገን ለየብቻ እናያቸዋለን። በእርግጥ ግን ሁለቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ዛሬ በማሽን ወይም በስልክ የሚቀበሉት እያንዳንዱ ክፍያ ነገ ብድር ሲጠይቁ ስለ ንግድዎ የሚመሰክር መረጃ ሆኖ ይቀመጣል። ይህን ዝምድና የተረዳ ነጋዴ የክፍያ መንገዱን የሚመርጠው ለደንበኛው ምቾት ብሎ ብቻ አይሆንም።

ከዱቤ ደብተር የተነሣ ካርድ

የካርድ ታሪክ የሚጀምረው ከባለ ሱቁ የዱቤ ደብተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ከተሞች የነበሩ ባለ ሱቆች፣ እንደ እኛ ሰፈር ሱቆች ሁሉ፣ ለሚያውቁት ደንበኛ በዱቤ ይሸጡ ነበር። ዕዳውን መመዝገብ፣ በወሩ መጨረሻ ሂሳቡን መላክ፣ የዘገየውን ማስታወስና የካደውን መከራከር የነጋዴው ሥራ ነበር። ትልልቅ መደብሮች ለዚህ የተቀጠሩ ሠራተኞች ነበሯቸው። ትንሹ ነጋዴ ግን ማታ ሱቁን ከዘጋ በኋላ ራሱ ደብተሩ ላይ ያመሽ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1950 ኒውዮርክ ውስጥ የተቋቋመው ዳይነርስ ክለብ በምግብ ቤቶች የሚሠራ የክፍያ ካርድ አስተዋውቆ ነበር። ለትንሹ ነጋዴ ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1958 ነው። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያዋ ፍሬዝኖ ከተማ ለሚኖሩ ሰዎች፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ 60,000 ያህል ካርዶችን በፖስታ ላከ። ካርዱ ባንክአሜሪካርድ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ስሙ ተለውጦ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ቪዛ ሆነ።

ባንኩ ለባለ ሱቁ ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነበር። ደንበኛው በካርዱ ይገዛል፤ ባንኩ የራሱን ኮሚሽን ቀንሶ ለነጋዴው ወዲያው ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ዕዳውን ከደንበኛው መሰብሰብ የባንኩ ፈንታ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ባንኩ የባለ ሱቁን ዱቤ ገዛው። ነጋዴው ከሽያጩ ጥቂት መቶኛ እያጣ ደብተሩን፣ ልመናውንና ክርክሩን ተገላገለ። የካርድ ክፍያ ከመነሻው ክፍያም ብድርም ነበር የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ የፍሬዝኖው ሙከራ መጀመሪያ ላይ ከባድ ኪሳራ አደረሰ። ባንኩ ዕዳቸውን በጊዜው የማይከፍሉት ከመቶ 4 ያህል ይሆናሉ ብሎ ገምቶ ነበር፤ ቁጥሩ 22 ደረሰ። የተሰረቁ ካርዶችም በየገበያው ዞሩ። ስሕተቱ ግልጽ ነው። ባለ ሱቁ ዱቤ የሚሰጠው ለሚያውቀው ሰው ነበር፤ ባንኩ ግን ካርዱን የሰጠው ስለማያውቀው ሰው ምንም መረጃ ሳይዝ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የካርድ ቴክኖሎጂ፣ የቅጽበት ማረጋገጫው፣ የምስጢር ቁጥሩ፣ በካርዱ ላይ የምናየው ቺፕ፣ ሁሉም ይህን ክፍተት ለመሙላት የተደረገ ጥረት ነው።

ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ

ደንበኛ ካርዱን ፖስ ማሽን ውስጥ ሲያስገባ የሚሆነውን በቅደም ተከተል እንመልከት። ነጋዴው ዋጋውን ይጽፋል፣ ደንበኛው የምስጢር ቁጥሩን ወይም ፒኑን ያስገባል። ጥያቄው መጀመሪያ ማሽኑን ለነጋዴው ወደ ሰጠው ባንክ ይሄዳል፤ ይህን ተቀባይ ባንክ እንለዋለን። ካርዱ የሌላ ባንክ ከሆነ ጥያቄው ባንኮችን በሚያገናኘው ማዕከል በኩል ካርዱን ወደ ሰጠው ባንክ ያልፋል። ካርድ ሰጪው ባንክ ፒኑ ትክክል መሆኑን፣ ካርዱ አለመታገዱንና ሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ መኖሩን አጣርቶ ይሁን ወይም አይሁን ብሎ ይመልሳል። መልሱ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ማሽኑ ደረሰኝ ያወጣል። ይህ ሁሉ በሰከንዶች ያልቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በእነዚያ ሰከንዶች የሚያልፈው መልእክት እንጂ በባንኮቹ መካከል የሚተላለፈው ገንዘብ አይደለም። ባንኮቹ የእርስ በርስ ሂሳባቸውን የሚያወራርዱት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ውል ሲፈርም ሽያጩ ሂሳቡ ውስጥ የሚገባው በዚያው ቅጽበት ነው፣ በዚያው ቀን ነው ወይስ ቆይቶ የሚለውን መጠየቅ ይኖርበታል። ዕቃውን በየማለዳው እጅ በእጅ ለሚገዛ የአትክልት ነጋዴ የአንድ ቀን መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም።

ካርዶችም ሁለት ዓይነት ናቸው። የዴቢት ካርድ ደንበኛው በሂሳቡ ያስቀመጠውን የራሱን ገንዘብ የሚያወጣበት ነው። የክሬዲት ካርድ ደግሞ ባንኩ እስከተወሰነ መጠን የሚያበድርበት ነው። በኢትዮጵያ በሰፊው የሚሠራበት የመጀመሪያው ነው።

በኢትዮጵያ የመጣበት መንገድ

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2001 በአዲስ አበባ 8 የገንዘብ መክፈያ ማሽኖችን ተክሎ የኤቲኤም አገልግሎት ጀመረ። ዳሸን ባንክም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቪዛ ካርድ ወደ መስኩ ገብቶ ፖስ ማሽኖችን ወደ ሆቴሎችና መደብሮች ከወሰዱት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት የነበረው ችግር ማሽኖቹ አለመነጋገራቸው ነው። የአንዱ ባንክ ካርድ የሌላው ባንክ ማሽን ላይ አይሠራም ነበር። ካርድ መቀበል የፈለገ ነጋዴ የየባንኩን ማሽን ጠረጴዛው ላይ መደርደር ነበረበት፤ አብዛኛው ነጋዴ ግን አንዱንም አልፈለገም።

ይህን የፈታው ባንኮቹ በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች የተባለው ማገናኛ ነው። ማገናኛው በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር የአንዱ ባንክ ደንበኛ በሌላው ባንክ ኤቲኤም ገንዘብ ማውጣት ቻለ፤ ከዚያም ትስስሩ ወደ ፖስ ማሽኖችና ከባንክ ወደ ባንክ ወደሚደረግ ዝውውር ሰፋ። ሕጉም አብሮ ሄዷል። የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 መሠረቱን ጣለ። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ያወጣቸው መመሪያዎች ደግሞ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶች ፈቃድ አግኝተው በክፍያ አገልግሎት እንዲሠማሩ በሩን ከፈቱ። ዛሬ በድረ ገጽና በስልክ ክፍያ የሚያቀናጁት ቻፓ፣ ሳንቲምፔይና አሪፍፔይ የገቡት በዚሁ በር ነው።

ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው በካርድ በኩል አይደለም፤ በስልክ በኩል ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሲጀምር ማንኛውም ስልክ ያለው ሰው፣ ባንክ ሂሳብ ባይኖረውም፣ ከፋይ ሆነ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤምፔሳን አስከተለ። የባንኮቹም የስልክ መተግበሪያዎች ተስፋፉ። ለትንሽ ነጋዴ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ፖስ ማሽን ከባንክ ማግኘት፣ ባትሪውንና የደረሰኝ ወረቀቱን መንከባከብ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ መጨነቅ አለበት። በወረቀት የታተመ የኪው አር ምልክት ግን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይሠራል። ደንበኛው በስልኩ ካሜራ ያነሣዋል፣ መጠኑን ይጽፋል፣ ይከፍላል።

ታዲያ ካርድ ለማን ይጠቅማል? በእኔ እምነት መልሱ በደንበኛው ማንነት ይወሰናል። ለውጭ እንግዶች የሚሠራ ሆቴል፣ የጉዞ ድርጅት ወይም የባህል ልብስ መደብር ቪዛና ማስተርካርድ የሚቀበል ማሽን ከሌለው ሽያጭ ያመልጠዋል። የሰፈር ሱቅ፣ የጀበና ቡና ቤት ወይም የጸጉር ሥራ ቤት ግን በስልክ ክፍያ ቢጀምር ይበቃዋል። ማሽኑ የሚያስፈልገው ደንበኞቹ መጠየቅ ሲጀምሩ ነው።

ኮሚሽኑ ከየት ይቀነሳል

ነጋዴዎች ስለ ኤሌክትሮኒክ ክፍያ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ኮሚሽን ነው፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። ኮሚሽን ከሽያጩ ላይ የሚቀነስ መቶኛ ሲሆን እንደ አገልግሎት ሰጪውና እንደ ካርዱ ዓይነት ይለያያል። ማየት ያለብን ግን ከትርፉ ጋር አነጻጽረን ነው። ለምሳሌ ኮሚሽኑ ከመቶ 2 ብር ነው እንበል። የ1,000 ብር ዕቃ ሲሸጡ 20 ብር ይቀነሳል። በዚያ ዕቃ ላይ የሚያተርፉት 100 ብር ከሆነ ኮሚሽኑ የትርፍዎን አንድ አምስተኛ ወስዷል ማለት ነው። የሚያተርፉት 400 ብር ከሆነ ግን የወሰደው አንድ ሃያኛውን ነው። ስለዚህ ዘይትና ስኳር ለሚሸጥ ሱቅ ከባድ የሆነው ኮሚሽን ለልብስ ሰፊ ላይሰማው ይችላል።

በሌላ በኩል ጥሬ ገንዘብም ወጪ አለው። ዝርዝር ፍለጋ የሚባክን ጊዜ፣ የሚጎድል መልስ፣ የተቀደደ ብር፣ ወደ ባንክ የሚደረግ ምልልስና የሌባ ስጋት በደረሰኝ ስለማይመጡብን አንቆጥራቸውም። ሲነጻጸር እነዚህንም አብሮ መመዘን ይገባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ደንበኛ “አስተላልፌያለሁ” ብሎ የራሱን ስልክ ሲያሳይ በዚያ ብቻ ዕቃ አያስረክቡ። የክፍያ ማረጋገጫ ምስል በቀላሉ ይቀናበራል፤ የባንክ የሚመስል የጽሑፍ መልእክትም ከማንኛውም ቁጥር ሊላክ ይችላል። እውነተኛው ማረጋገጫ በራስዎ መተግበሪያ ወይም ሂሳብ ላይ የሚታየው ቀሪ ገንዘብ ነው። ተቀጥሮ የሚሠራ ሻጭ ካለ እሱም ማየት የሚችልበት መንገድ ሊመቻችለት ይገባል፤ አለዚያ ባለቤቱ በሌለበት ሰዓት ሱቁ ለአታላይ የተጋለጠ ነው።

መዝገቡ ስለ ነጋዴው ሲናገር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ባንክ ለትንሽ ነጋዴ የማያበድረው ብዙ ጊዜ ነጋዴውን ስለማያውቀው ነው። ሱቁ በቀን ስንት እንደሚሸጥ፣ በየትኛው ወር እንደሚቀዘቅዝ፣ ደንበኞቹ እንደሚመላለሱበት ወይም እንደማይመላለሱበት የሚያሳይ ወረቀት የለም። ባለቤቱ ግን ይህን ሁሉ በልቡ ያውቀዋል። የማያውቅ አበዳሪ ራሱን የሚጠብቀው ቤት ወይም መኪና በዋስትና በመያዝ ነው፤ ትንሹ ነጋዴ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም የሉትም።

የኤሌክትሮኒክ ክፍያ ይህን ግንብ መሰንጠቅ የጀመረው በጎረቤታችን ኬንያ ነው። ሳፋሪኮምና የአፍሪካ ንግድ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ኤምሽዋሪ የተባለ አገልግሎት ጀመሩ። ሰዎች በስልክ ገንዘብ ሲያስተላልፉና ሲቆጥቡ የሚተዉት ዱካ እየተጠና ያለ ንብረት ዋስትና አነስተኛ ብድር ይሰጥ ጀመር። በኢትዮጵያም ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ሦስት አገልግሎቶችን አስተዋወቀ። ቴሌብር መላ አነስተኛ ብድር ነው፤ ቴሌብር እንደኪሴ በሂሳብ ያለው ገንዘብ ለክፍያ ሲያንስ ጉድለቱን ይሸፍናል፤ ቴሌብር ሳንዱቅ ደግሞ የቁጠባ ሂሳብ ነው። የብድሩ ጣሪያ የሚወሰነው ሰውዬው ቴሌብርን በሚጠቀምበት መጠንና ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ነው። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም ክፍያ ፋይናንሺያል ቴክኖሎጂ ከተባለው ድርጅት ጋር በመሆን ሚቹ የተባለውን ለጥቃቅንና አነስተኛ ንግዶች የተዘጋጀ ያለ ንብረት ዋስትና የሚሰጥ የዲጂታል ብድር አቅርቧል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ትምህርት አንድ ነው። የንግዱ ክፍያ በንግዱ ስም በተከፈተ ሂሳብ ወይም የነጋዴ ቁጥር ይግባ። ብዙዎች ሽያጩን በግል ስልካቸው ስለሚቀበሉ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የዕድር መዋጮና የሱቁ ገቢ አንድ ላይ ተደባልቆ ይቀራል። መዝገቡ ሲታይ ንግዱ አይታይም። የተለየ ሂሳብ ያለው ሰው ግን ከ6 ወር በኋላ ማንም ሳያዘጋጅለት የተዘጋጀ የሽያጭ መግለጫ ይኖረዋል።

“መዝገቡ ለግብር ሰብሳቢም ይታያል እኮ” የሚል ሥጋት ይነሣል። ይህን አቃልሎ ማለፍ አይገባም። ነገር ግን በ2009 ዓ.ም. ክረምት ለግብር የወጣው የቀን ገቢ ግምት በብዙ ከተሞች ያስነሣውን ቅሬታ እናስታውስ። የቅሬታው ምንጭ ግምቱ ከእውነተኛው ሽያጭ እጅግ ይበልጣል የሚል ነበር። መዝገብ የሌለው ነጋዴ ለግምት መልስ የለውም፤ “ይህን ያህል አልሸጥኩም” ሲል የሚያቀርበው ቃሉን ብቻ ነው። ሽያጩ ተመዝግቦ የተቀመጠለት ሰው ግን ማስረጃ ይዞ ይከራከራል።

ገንዘቡ ከየት ይገኛል

ከዲጂታል ብድር ውጭ ያሉትን አማራጮች ከቅርቡ እንጀምር። ዕቁብ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ ዋጋውን እንዘነጋለን። 20 ሰዎች በሳምንት 5,000 ብር ቢጥሉ በየሳምንቱ 100,000 ብር ለአንዱ ይደርሳል። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው በተግባር ያለ ወለድ ተበድሯል፤ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ቆጥቧል። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘቡን የሚወስደው ሰው የሚያቀርበው ዋስ ሥርዓቱን ይጠብቁታል። ድክመቱ የጊዜ ጉዳይ ነው። ገንዘቡ የሚደርሰው ዕጣው ሲወጣ እንጂ ዕቃው ሲረክስ አይደለም፤ ለዚህ ነው ተራ መግዛትና መሸጥ የተለመደው። ከዕቁብ ቀጥሎ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ። በአገራችን የመጀመሪያው በ1950ዎቹ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች የተቋቋመው ነው። አባሉ ለተወሰነ ጊዜ ይቆጥባል፤ ከዚያም የቁጠባውን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይበደራል።

አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት በሕግ የታወቁት በአዋጅ ቁጥር 40/1988 ነው። ገበሬዎችንና ነጋዴዎችን በቡድን አደራጅተው፣ አንዱ ለሌላው ዋስ እየሆነ፣ ቤት የሌለው ሰው እንዲበደር አደረጉ። ከእነዚህ ትልልቆቹ በቅርብ ዓመታት ወደ ባንክነት አድገዋል። የአማራ ብድርና ቁጠባ ጸደይ ባንክ፣ የኦሮሚያው ሲንቄ ባንክ፣ የደቡቡ ኦሞ ባንክ ሆነዋል። ወለድ ለማይፈልግ ደግሞ ከወለድ ነፃ አገልግሎት አለ። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ሙሉ በሙሉ በዚህ መንገድ የሚሠራ የመጀመሪያው ባንክ ነው። ሙራባሐ በሚባለው ውል ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ፣ በየጊዜው በሚከፈል ክፍያ ለነጋዴው ይሸጥለታል።

ማሽን ለሚፈልግ ሰው፣ ለዳቦ ጋጋሪ፣ ለእንጨት ሠራተኛ፣ ለጨርቃ ጨርቅ አምራች፣ የካፒታል ዕቃ ኪራይ የተሻለ ይመስለኛል፤ የሚገባውን ያህል የማይታወቅ መንገድም ነው። ሥራው የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 103/1990ና በማሻሻያው ነው። አምራቹ ማሽኑን ይመርጣል፣ አከራዩ ይገዛዋል፣ አምራቹ እየሠራበት በየጊዜው ይከፍላል፣ ሲጨርስ ማሽኑ የእሱ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ማሽኑ የአከራዩ ንብረት ስለሆነ ሌላ ዋስትና የመጠየቅ ምክንያቱ ይቀንሳል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በዚህ መንገድ ሲሠራ ተከራዩ ከዋጋው 20 በመቶ እንዲያዋጣ ይጠይቃል። በክልሎችም እንደ ዋልያ ያሉ ለዚሁ የተቋቋሙ ድርጅቶች አሉ።

የባንክ ብድር ለሚሹ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ትልቅ እርምጃ ነው። በአዋጁ መሠረት ከብት፣ ሰብል፣ ማሽን፣ በመጋዘን ያለ ዕቃ፣ ከደንበኞች የሚጠበቅ ያልተከፈለ ሂሳብ ጭምር በዋስትና ሊያዝ ይችላል። ዋስትናው በብሔራዊ ባንክ ሥር በሚተዳደር የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይሰፍራል። ሌላ አበዳሪ መዝገቡን አይቶ ንብረቱ ቀድሞ መያዙን ስለሚያውቅ አንድ በሬ ሳይታወቅ ለሁለት ባንክ አይያዝም። የነጋዴው የብድር ታሪክም በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል በኩል በአበዳሪዎች ይታያል። በጊዜው የተከፈለች ትንሽ ብድር ለቀጣዩ ትልቅ ብድር መንገድ የምትጠርገው በዚህ ምክንያት ነው።

ወለዱን በስሌት ማየት

ብድር ሲጠየቅ ብዙ ሰው “ወለዱ ስንት ነው?” ብሎ ያቆማል። ወለዱ የሚሰላው በየትኛው ገንዘብ ላይ ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከቁጥሩ እኩል ይመዝናል። 60,000 ብር በ15 በመቶ ወለድ ለአንድ ዓመት ተበደሩ እንበል፤ ዋናውን ደግሞ በየወሩ 5,000 ብር እየመለሱ ነው። ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ከሆነ በዓመቱ የሚከፍሉት 4,875 ብር ነው። ዕዳው እየቀነሰም ቢሆን ወለዱ በመጀመሪያው 60,000 ላይ ከተሰላ ግን 9,000 ብር ይከፍላሉ። ሁለተኛው ስሌት ጠፍጣፋ ወለድ ይባላል፤ በእውነቱ ከ26 በመቶ በላይ ዓመታዊ ወለድ ማለት ነው። በሁለቱም ውሎች ላይ ግን “15 በመቶ” ተብሎ ይጻፋል። በዚህ ላይ የአገልግሎት ክፍያ፣ የመድን ክፍያና በቅድሚያ የሚቀነስ ገንዘብ ይጨመራል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት “እጄ የሚገባው ስንት ነው? እስከ መጨረሻው በጠቅላላ የምከፍለውስ?” ብሎ ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት ማስጻፍ ይበጃል። የስልክ ብድር የሚከፈለው በአጭር ጊዜ ስለሆነ ትንሽ የሚመስል የአገልግሎት ክፍያ በዓመት ሲሰላ ትልቅ ይሆናል። በሁለት ሳምንት ተሸጦ የሚያልቅ ዕቃ ለመግዛት ይጠቅማል፤ ለሱቅ ማስፋፊያ አይሆንም።

ይህ ስሌት በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ምግብ ቤት፣ ሱቅ ወይም ታክሲ ለሚያንቀሳቅሱ ወገኖቻችን ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል። እዚያ በካርድ ሽያጭ መዝገብ ላይ የተመሠረተ ገንዘብ በብዛት ይቀርባል። አቅራቢው “ብድር አይደለም፣ የወደፊት ሽያጭዎን እየገዛሁ ነው” ይላል፤ ስለዚህም ወለድ የሚለውን ቃል አይጠቀምም። ለምሳሌ 20,000 ዶላር ሰጥቶ 1.3 የሚል ማባዣ ያስቀምጣል። ይህ ማለት 26,000 ዶላር ይመለሳል ማለት ነው፤ አከፋፈሉም ከየዕለቱ የካርድ ሽያጭ ላይ በመቶኛ እየተቆረጠ ነው። ሽያጩ ጥሩ ሆኖ በ6 ወር ቢያልቅ ዋጋው እንደ ዓመታዊ ወለድ ሲሰላ ከ100 በመቶ ያልፋል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ከእነዚህ አቅራቢዎች አንዳንዶቹን ነጋዴዎችን አታለዋል ብሎ ከሷል።

እዚያም ሌላ በር አለ። የአሜሪካ መንግሥት የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ለትርፍ ባልተቋቋሙ አበዳሪዎች በኩል እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ አነስተኛ ብድር ያቀርባል። በቨርጂኒያዋ አርሊንግተን በኢትዮጵያውያን የተመሠረተው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤትም የኢንተርፕራይዝ ልማት ቡድን በተባለው ክፍሉ በዋሽንግተን አካባቢ ለሚገኙ ስደተኞችና ሌሎች ትንንሽ ነጋዴዎች ያበድራል። እንዲህ ያለ አበዳሪ ዘንድ የሚሄድ ሰው የግብር ወረቀቱን፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫውንና የካርድ ሽያጭ ዝርዝሩን ይዞ መቅረብ አለበት። ዝግጅቱ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ብድሩ የሚያስከፍለው ግን በካርድ ሽያጭ ላይ ተመሥርቶ ከሚሰጠው ገንዘብ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከሚያስፈልግበት ቀን ብዙ ቀድሞ፣ ንግዱ ደህና እየሄደ ሳለ፣ ማመልከት ይመረጣል።